አንቴናውም ይለካ

ቡሩል ኤጄ፣ ታላቅ እህቴ፣ እንዴት አደሩ? የቦርሶቁን ሊጥ እርስዎ ነዎት በዘይት የጠበሱት? እጅዎ ያስታውቃል... ዛሬ የከተማው ጭስ ቀለል ብሏል፣ ተራራው ታየ እኮ። የሻይ ቤትዎን ማሞቂያም አሠርተውታል መሰለኝ፣ ይኸው አንዱን ጓንቴን አውልቄ ተቀመጥኩ። ለጨዋታ አልመጣሁም። የስፌት ቤቴን ለአንድ አፍታ ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ነው። ያ የያዙት ወረቀት የቅዳሜው ግጥሚያ ዝርዝር ነው? እስከ ምሳ ሰዓት መላክ አለበት አይደል... ይጻፉ፣ ይጻፉ፣ እኔ አላስቸግርዎትም።

ሰንጠረዡም ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ማን ይሙት፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ሥራ አይቼ አላውቅም። በኮምፒውተር ጨዋታው ውስጥ ያለችው የሁላችንም መንኮራኩር በቁመቷ ተለክታ፣ ቦታዋ ተሰጥቷት... ከሃምሳ ሜትር በታች ቃኚ፣ እስከ መቶ ሃምሳ አጃቢ፣ እስከ ሦስት መቶ አውዳሚ፣ ከዚያ በላይ ዋና ተዋጊ። በቃ። ምን ትሠራለች፣ ምን ይዛለች ብሎ መድከም የለም። ይህን ያህል የሚያቀል ጭንቅላት ከየት ይገኛል? ማን እንዳዘጋጀው አልናገርም፣ ሰውየው መመስገን አይወድም። እዚህ ያለም እንዳይመስልዎት። መስኮቱ ጋ የተቀመጠውማ ማዳመጫ አድርጓል፣ አይሰማም... አንድ ጆሮው ብቻ ነው የተከፈተው።

በሙያው መሬት ለኪ አይደል? ታዲያ መለካት በእጁ ነው። እኔማ የእሱን መንኮራኩር ድንጋይ ጫኝ አድርጌ ነበር የማስባት። ሁሌ ከጨረቃ ድንጋይ ስታመላልስ ነው የማያት። መድፏም ሁለት ነው፣ አንዱ አይተኩስም። ለካ ሞኝ ነኝ። ሁለት መቶ አርባ ሜትር ነበረች፣ የአንቴናዋ ሰባ ሲጨመር ሦስት መቶ አሥር መጣች። ዋና ተዋጊ ሆነች ማለት አይደል? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሱሪ ስለካ፣ ሰው ከነባርኔጣው እንደሚለካ አንድ የነገረኝ የለም።

የእኔዋን ያውቋታል፣ ኮችኮርን። በመንደሬ ስም የጠራኋትን። አርባ ሜትር ናት፣ ጠጋኝ ናት፣ ከኋላ ሆና የተመታውን ትበይዳለች። ጥይት የሚባል ነገር የላትም። ሰንጠረዡ ግን አርባ ሜትር ከሆነች ቃኚ ናት አለ። እኔ ማን ነኝና ከሰንጠረዥ ጋር የምከራከረው? ባለፈው እሑድ ከኦሽ ከተማ ቡድን ጋር ስንገጥም መበየጃዬን ይዤ፣ ከሁሉ ቀድሜ ጠላት ልቃኝ ሄድኩ። ኦሾች ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ነው የቆየሁት። ከዚያ ዓይኔ እያየ ነደደች።

ዋና ተዋጊያችንማ... እሱን ይተዉት። ከፊት ሲቆም ግርማው ራሱ ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ሽው ስትል ጫኝ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ድንጋዩን እንኳ ሳያራግፍ ዞረ። ድንጋይ የጫነ ነገር እንዲያ ሲሮጥ አይተው ያውቃሉ? ሁላችንም ስንነድ የእሱን አንድ ጭረት አልነካትም። አያያዝ ነው። ንብረቱን እንዲህ የሚጠብቅ ባል ስንቷ ሴት ጸልያ አጥታለች።

በክፉ እንዳይወስዱብኝ። ግን ሰንጠረዡ የተለጠፈው መቼ ነበር... ቡድናችን የድግሱን በግ ሊያርድ ሁለት ቀን ሲቀረው አይደል? እንዲያው በአጋጣሚ ነው የማስታውሰው። ድሮ አጥንት የሚታደለው በዕድሜ ነበር፣ ዳሌው ለአዛውንት፣ የጭራው ለታላቅ ሴት። ዘንድሮ ሠለጠንንና በመንኮራኩር ቁመት ሆነ። ለእርስዎ ምን ደረሰዎት? ጎድን መሰለኝ። ልክ ነዋ፣ ቤቱ የእርስዎ ይሁን እንጂ መንኮራኩር የለዎትም። ሽማግሌው ቶቆይም በሰባ አንድ ዓመታቸው አጃቢ ተብለው አንገት ሲግጡ ነበር፣ ያውም በሁለት ጥርስ። ዳሌው የት እንደገባ እኔ ልብ አላልኩም። ብቻ የበላው ሰው ሲበላ ደስ ይላል፣ ያምርበታል።

እኔ ምን አገባኝ፣ አጥንት አምሮኝ አይደለም። የሚያስፈራኝ የጨዋታው ሕግ ነው። ሁለት ጊዜ የነደደች መንኮራኩር አትመለስም። ቅዳሜም ኮችኮር ቃኚ ተብላ ከወጣች በቃ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ብሎን በብሎን የሠራኋት ልጅ ቀረች ማለት ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እሑድ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለጨዋታ።

ቢሆንም ሰንጠረዡን ይቅደዱት አልልም፣ የሰው ልፋት ነው። እሱን እንደለካው ይጻፉት፣ ዋና ተዋጊ፣ ሦስት መቶ አሥር ሜትር፣ አንቴናውንም አይቀንሱበት። እኔን ግን ቁመቴን ትተው በሥራዬ ይጻፉኝ፣ ጠጋኝ ብለው። ቦታዬም ከእሱ ጀርባ ይሁን፣ ልክ ጭራው ላይ። የቅዳሜው ሜዳ በሁለት ዓለት መሃል ያለችው ጠባቧ መንገድ ናት አሉ። ከተመታ እበይደዋለሁ። ከዞረም... በየት በኩል ይዞራል? መንገዱን ሞልቼው እኔ አለሁ።

ጻፉት? አላህ ይስጥልኝ ኤጄ። ያ ወንበር ተንቋቋ መሰለኝ... ማዳመጫውን አወለቀ? ፊቱስ ለምን ቀላ? ማሞቂያው ነው፣ በደንብ ነው የሠራው። ቦርሶቅ ይስጡት፣ ትልቅ ትልቁን ይምረጡለት።

ልሂድ እንግዲህ፣ የስፌት ቤቴ በር ላይ ደንበኛ ቆሟል። እጅዎን ይዘርጉ፣ ሳንመርቀው አንለያይም። አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት። ጤናውን ይስጠው። ዳሌ አጥንት አያሳጣው። ቅዳሜ አገር እያየው ከፊት ያቁመው... ከፊትም ያቆየው። ኦሚን።