ንጣት ከሽመና በኋላ

በ2003 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ፣ ከጁባ ፀሐይ ለመሸሽ ጀበል ገበያ ዳር ወዳለው የጋሽ ወልደጊዮርጊስ የሽመና ዳስ ገባሁ። ሽማግሌው የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ አገኘኋቸው። ለካህናት ጥለት የሌለው ነጭ ኩታ ታዘው ነበር፤ ድሩ ግን መወርወሪያው በተመላለሰ ቁጥር ይበጠሳል።

«እጄ ከዳኝ መሰለኝ፤ ይህን ሥራ ልተው ነው» አሉኝ በኀዘን።

ይህን ስንነጋገር አንዲት ወጣት «ኬፍ?» ብላ ሰላምታ እየሰጠች የነጠላ ዋጋ ልትጠይቅ ገባች። ጆሴፊን ትባላለች፤ በስደት ጋምቤላ ያደገች፣ ባሕር ዳር ስለ ጨርቃጨርቅ የተማረች የደቡብ ሱዳን ልጅ ናት። ክሩን ዳሰሰችና አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እጅዎ አልከዳዎትም። ክሩን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈውት ነበር?»

«እንዴታ! ነጭ ልብስ የሚሠራው ከነጭ ክር ነው። ከካምፓላ የሚመጣው ጥሬ ክር ቡላ ነው፤ ካህን ቡላ ላልብስ?»

«ቡላ ቢሆንም ብርቱ ነው። ድር ሲወጠርና ሲፋተግ ይውላል፤ በረኪና ከበዛበት ግን ጉልበቱን ይበላዋል። አስቀድመው ይሸምኑት፤ ከዚያ ይነጣል።»

«ጨርቁንስ ቢበላው? ክር ይቀጠላል ልጄ፤ ኩታ አይቀጠልም!»

መልሳቸው ቁም ነገር ነበረው፤ እሷም አልናቀችውም።

«እውነትዎን ነው። ስለዚህ ድሩን ያጠነከሩበት የዱቄት ሙቅና በጥጡ በራሱ ያለው ቅባት በሳሙና ተቀቅለው መውጣት አለባቸው። እነሱ ካልወጡ በረኪናው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ አልነጣ ሲል ሰው ይጨምርበታል፣ ጨርቁም ያልቃል። ከጸዳ ግን በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ የቀጠነ ጥቂት በረኪና ይበቃዋል።»

«ጥለት ያለውስ?»

«እሱማ አይሞከርም፤ ቀለሙ ይለቃል። የዚያ ነጩ ክር ከሽመናው አስቀድሞ፣ በስሱ ይነጣ።»

ስጋታቸውን ተቀብላ፣ የማይሆነውንም መናገሯ ሳያሳምናቸው አልቀረም። ባልነጣ ክር በመሐረብ ልክ ሞከሩ፤ መወርወሪያው ያለ አንዳች እንከን ሄደ። ከዚያ ኩታውን ሙሉ ሸመኑት።

የነጣ ዕለት እኔም ነበርኩ። ሲቀቀል ውኃው እንደ ሻይ ጠቆረ። ታጥቦ የቀጠነው በረኪና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ቀስ በቀስ ግን ቡላው ዓይናችን እያየ ጠፋ። ደጋግመው አለቅልቀው ሲያሰጡት ትክ ብሎ ማየት አቃተን።

«እግዚኦ!» አሉ ሽማግሌው። «ይህ ሁሉ ንጣት ውስጡ ነበር?»

ወገኖቼ፣ ሥራ በተራው ሲሠራ ክር አይባክንም፣ ልብስ ዕድሜ ያገኛል፣ የሸማኔም ዓይን በመቀጠል አያልቅም። ትምህርትም የእጅን ጥበብ ሊሽር ሳይሆን ሊያግዝ የመጣ ነው።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ እጃቸውን ታጥበው ኩታውን ሊነኩ ዘረጉና መለሱት።

«አንቺ ልጅ፣ በእውነት ይህን የሸመንኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»