ከአምሃ ጨርቅ ላይ የጎደለችው ካቻቢቴ

ክቡራትና ክቡራን፣ እባካችሁ ጸጥታ! አንድ ከባድ መግለጫ አለኝ። የአውሮፕላን ማቆያ ሃንጋራችን ማይክሮዌቭ በር ዛሬ ረፋድ ላይ በአራተኛው ሙከራ ተዘግቷል። የተጎዳ ሰው የለም። የጠገነው አምሃ ነው፤ እሱ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ስለሆነ ምሳችሁን ቀዝቃዛውን መብላት ልመዱ።

አምሃ፣ አትሳቅ፤ ገና አልጀመርኩህም።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከሰፈሩ ከክሬሰንት ታውን በሁለት አውቶቡስ፣ ከእሱ የሚከብድ የመፍቻ ሣጥን ተሸክሞ መጣ። አምስት ሆነን የገዛናትን ቢጫ ሃርቫርድ አውሮፕላን አሳየነው። ድሮ የጦር ሠልጣኞች መብረር የተማሩባት፣ ከእኔም የምትበልጥ አሮጊት ናት። ሦስት ጊዜ ዞራትና፣ "ጋሼ ዑራኤል፣ የጠሩኝ ለጥገና ነው ለቀብር?" አለኝ።

ሞተሯ ከመነሣቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጁ እያዞረ፣ "ቀስ በይ እሜቴ፣ ማን አስቸኮለሽ?" ይላታል። ብርቅዬ፣ አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ እንዲህ ብሎሽ ያውቃል? ይኸው፣ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። አብራሪውንም እንደ ሞተር ነው የሚመረምረው። "ስንት ሰዓት ተኙ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?" ምላስዎን ያውጡ ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ከሁሉ የባሰው ግን ያ ነጭ ጨርቁ ነው። የያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ ተሥሎበታል። ሥራ ሲያልቅ ሁሉም በየቦታው ካልተኛ አውሮፕላኗ አትነሣም፤ በቃ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን ሩሀማን ለአሥራ ስድስተኛ ልደቷ ይዣት ልበር ቃል ገባሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ስልኩን ደቅኖ ቆሟል። አምሃ ጨርቁን አየና፣

"አይበሩም። አንድ ካቻቢቴ ጎድላለች" አለኝ።

"አንድ ካቻቢቴ ምን ታመጣለች? መኪናዬ ውስጥ ትሆናለች!"

"እንግዲያው ያምጧትና ይብረሩ።"

ሩሀማ "ኢትስ ኦኬ፣ አባባ" አለች፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። እኔም ተቆጥቼ ሄድኩ። ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሣሁለትም።

የዚህች አውሮፕላን ወንበር ሥር ወለል የለም፤ የወደቀ ነገር ሆዷ ውስጥ ይገባል። አምሃ ሁለት ቀን ሽፋኗን ሲፈታ ከረመና ካቻቢቴዋን ከመሪው ዘንግ አጠገብ አገኛት። አየር ላይ ብትሰነቀርበት መሪው አይታዘዝም ነበር። ማን እንደጣላት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሩሀማ ያቻት፣ ኬክ እየበላች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። አምሃ፣ ያን ቀን ለምኜህ፣ ተቆጥቼህ፣ በዕድሜ እንደምበልጥህም ነግሬህ እምቢ ስላልከኝ አመሰግንሃለሁ።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ! ለአምሃ ጤናና ረጅም ዕድሜ፤ ለብርቅዬ ደግሞ ቤቷን ሲፈታታባት ትዕግሥት ይስጥልን!

ቆይ፣ ሳትጠጡ። አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። "ማን እንደጣላት አልታወቀም" ያልኩት ውሸት ነው። ያን ቀን ማልጄ ገብቼ የወንበሬን ብሎን ላጠብቅ ስል የጣልኳት እኔ ነኝ፤ መኪናዬ ውስጥ የተውኳት መስሎኝ ነበር። አምሃም ያውቃል፤ ከእሱ በፊት ከእኔ በቀር ሃንጋር የገባ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ብሆን ኖሮ በማግስቱ የዳንፎርዝ ሰፈር ሐበሻ በሙሉ ይሰማ ነበር። ጠጡ!