ጨዋዋ ጁሪ

ነይ እንግዳወርቅ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ፓርኪንግ አገኘሽ? እኔ ዛሬ ቅዳሴ ሳይገባ ሎቱ ሞልቶ መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት። አሌክሳንድሪያስ ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግማ ጠንቶብናል...

እያት እስቲ፣ እዚያ ጋ የጠረጴዛ ልብስ የምታጥፈውን። ጠርዝ ከጠርዝ ስታገጥም! አሥራ አምስት ዓመት የሆቴል ላውንድሪ ሠርታ እጇ ለምዷል። ብትሰማኝም ግድ የለም፣ እያመሰገንኳት ነው። ልጇ ኖህም መንዳት ጀመረ አሉ፤ እሰየው።

ጁሪ ሆና እንድትፈርድ ፍርድ ቤት ተጠርታ እንደነበር ሰምተሻል? የእኛ ሰው «እንግሊዝኛ አይገባኝም» እያለ ያመልጣል፤ እሷ ግን ዘጠኝ ቀን በክብር ተቀመጠች። የምስጋና ወረቀቷንም ፍሬም አድርጋዋለች። የተከሰሰው የላውንድሪ ሠራተኛ ነው፣ የሚሠራበትን ቤት አቃጠለ ተብሎ፤ እሳቱ የተነሳው ከፎጣ ክምር ነው። ኤክስፐርት መጣ፤ ዶክተር ነው፣ ክራቫት ያሰረ። «ፎጣ በራሱ አይነድም፤ ሰው ነው የለኮሰው» አለ። ዶክተር ካለ አለ አይደል?

እሷ ግን... ዘይት የጠጣ የኩሽና ፎጣ ከማድረቂያው በትኩሱ ወጥቶ ሲከመር ብቻውን እንደሚነድ ታውቃለች። ሁለቴ በዓይኗ አይታለች። ራሷ ናት የነገረችን፣ እዚሁ አዳራሽ፣ ድፎ እየቆረስን። ለመፍረድ አሥራ ሁለቱም ጁሪዎች መስማማት ነበረባቸው። ታዲያ መማከሪያው ክፍል ውስጥ ተራዋ ሲደርስ ምን አለች መሰለሽ? «እናንተ እንዳላችሁ።» አስተዳደግ እኮ ነው! ዶክተር የተናገረውን የላውንድሪ ሴት ልታርመው ነው? ደግሞ ከጁሪዎቹ አንዱ ፍላይት ነበረበት አሉ፤ እሷ ሰው ማስቸገር አትወድም።

የተማረ ይግደለኝ እንል የለ? እኛ ለራሳችን ነው የምንመኘው፤ እሷ ግን ቸር ናት፣ ለሰው ሰጠችው...

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ እሷ ምን ሆነች? ስምንት ዓመት የተፈረደበት ሰውየው ነው። ሚስቱ ነርሲንግ ሆም አብራኝ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃኑን አዝላ እስር ቤት ትሄዳለች። ሐሙስ ዕለት ምሳ ላይ ምን አለችኝ፦ «ከጁሪዎቹ መሀል አንዲት ያገርሽ ሴት ነበረች። ፊቷ ደግ ነው። ሙሉ ዘጠኙን ቀን እሷን እሷን ሳይ ነበር።» ምን ልበላት? አዎ፣ ደግ ናት አልኳት።

በይ ተነሺ፣ አጥፋ ጨርሳለች፤ ሳንሰናበታት እንዳንሄድ።

የኔ እመቤት፣ እጅሽ ይባረክ። ኖህን ያሳድግልሽ፣ ከክፉ ይጠብቅልሽ። መቼም ሰው ነውና አንድ ቀን ያለ ጥፋቱ ቢከሰስ እንኳ... አሥራ ሁለቱንም እንዳንቺ ጨዋ ያድርግለት።