ከቁልፍ ቆርቆሮው የወጡት ቡናማ ክኒኖች

እኔ ዝም ማለት የማልችል ሴት ነኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር መናገር የለመደ አፌ ከትምህርት ቤት ውጪም አላርፍ ይለኛል። ያን ቀን ግን አለማረፉ በጀ!

ለጉሮሮዬ የሚመጠጥ ነገር ልገዛ ፋርማሲ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ የቆመችው ወጣት አንገቷን ወደ መስኮቱ አስግጋ አንሾካሾከች። ሻጩ ግን ጮክ ብሎ "የለም! አልቋል!" አላት። ዞር ስትል ለካ ቀሚሴን የምትሰፋልኝ ልጅ ናት። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ወረፋዬን ትቼ ተከተልኳት።

"ምን አጣሽ?"

"የእርግዝና መከላከያ ክኒኔን ነው መምህር። ያለፈው እሽግ ትናንት አለቀ፣ አዲሱን ዛሬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ግድ የለም፣ እትዬ ቁልፍ ይሰጡኛል።"

እትዬ ቁልፍ የባሏ አክስት፣ የስፌት ቤቱም ባለቤት ናቸው። ቅጽል ስማቸው የመጣው የልብስ ቁልፍ ከሚያጠራቅሙበት ትልቅ ቆርቆሮ ነው። እሳቸው ቤት የሚጣል ነገር የለም።

"እሳቸው ደግሞ ከየት ያመጣሉ?"

"ከቆርቆሮው ነዋ! በየእሽጉ መጨረሻ ቡናማ ፍሬዎች አሉ አይደል? የስፌት ቤቱ ሴቶች ሳይውጧቸው ሲቀሩ እትዬ ያጠራቅሟቸዋል። ለቸገራት ያድላሉ።"

መንገድ ላይ ጮኽኩ። ይህች ልጅ ባለፈው ወሊዷ ደም ፈስሷት ከሞት አፋፍ የተመለሰች ናት። ሐኪሟ "ሰውነትሽ ሳያገግም ሌላ እርግዝና እንዳይታሰብ" ብሏታል።

"ባዶው እሽግ የት አለ?"

"ስፌት ቤት፣ ቦርሳዬ ውስጥ።"

"ነይ በይ! ፋርማሲው ለምሳ ሳይዘጋ!"

ስንገባ ማሽኖቹ ሁሉ ይንጫጫሉ። እትዬ ቁልፍ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ጨርቅ ይቆርጣሉ። ነገሩን ስነግራቸው መቀሱን አስቀመጡ።

"ልጅቷን በከንቱ አስደነገጥሻት። ከአንድ እሽግ የወጣ ክኒን ምን ልዩነት አለው? የአንድ እናት ልጆች ናቸው።"

"እትዬ፣ ቡናማዎቹ እርግዝና የሚከላከል መድኃኒት የለባቸውም። ደም እንዲተካ የተጨመረ ብረት ነው፤ የመዋጥ ልማዱም እንዳይቋረጥ ያግዛሉ። እሷ የራሷን ቡናማዎች ውጣ ጨርሳለች። በላዩ ላይ የእርስዎን ከጨመረች ባዶ እጇን ከረመች ማለት ነው።"

"ምን ታድርግ ታዲያ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል!"

"የቸገራትስ? ራሷ እርጉዝ ትሆናለቻ!"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እትዬ ግን አልሳቁም።

"ሻጩ የለም ካላት በኋላ በሰው ፊት ቆማ 'ሌላ ምን አለህ?' ልትል ነው? እኛ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ አናወራም። ደግሞ ማህፀኗም ከክኒኑ ትንሽ ይረፍላት።"

"ማህፀን የሚደክመው በላይ በላይ ሲወለድ ነው እንጂ በክኒን አይደለም። ለመሆኑ 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' እያሉ ሠራተኞችዎን የሚቆጡት ማን ናቸው?"

እትዬ መቀሱን መልሰው አነሱ። እንዳልተሸነፉ ስለማውቅ በሙያቸው ገባሁባቸው።

"እስቲ ይንገሩኝ፤ የለመዱት ክር ከገበያ ሲጠፋ ቀለሙን ብቻ አይተው ሌላ ይገዛሉ?"

"እኔ? ምን ነካሽ! ቀለም አታላይ ነው። ገልብጬ ቁጥሩን አነባለሁ። ውፍረቱ ከገጠመ ፋብሪካው የፈለገው ይሁን። ካልገጠመ ደግሞ መርፌውንም እቀይራለሁ እንጂ ሥራ አላቆምም።"

"ይኸው፣ ራስዎ ተናገሩት!" ብዬ ልጅቷ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ባዶ እሽግ ገለበጥኩት። "ጀርባው ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ተጽፏል። ሳጥኑ ሌላ፣ ውስጡ ግን ይኸው የሆነ ክኒን ሊኖር ይችላል። ከሌለ ፋርማሲስቷ ለጤናዋ የሚስማማ ሌላ ዓይነት ትመርጥላታለች። ክኒን ጨርሶ ቢጠፋ መርፌው አለ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ አለ። እስከዚያ ኮንዶም አለ።"

ይኼኔ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨው የኦቨርሎክ ማሽን ድምፅ ቆመ። እዚያ የምትሠራውን ሁሉም "የመንታ እናት" ይሏታል።

"እትዬ... እኔም መንታዎቹን ያረገዝኩት ከቆርቆሮው ወስጄ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ልጆቼ ነፍሴ ናቸው፣ አልጸጸትም። ግን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።"

እትዬ ቁልፍ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። የወንድማቸውን ልጅ ሚስት ትክ ብለው አዩአት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"በደም የራሰ አንሶላሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ በገዛ እጄ ልገድልሽ ነበር!" አሉ። ወዲያው ብድግ ብለው ቆርቆሮውን ብብታቸው ስር ወሸቁ። "ምን ያስቆማችኋል? ሊዘጋ ነው እኮ!"

ሮጥን! ሻጩ በሩን ሊገጥም ሲል እትዬ እግራቸውን ጣልቃ አስገቡ። አደባባይ የሚፈሩት ሴትዮ ሰው ሁሉ እየሰማ "የእርግዝና መከላከያ ነው የምንፈልገው! ስሙን ተወው፣ ጀርባውን አንብብ!" ብለው አምባረቁ። እኔ በደስታ ላብድ ነበር።

ፋርማሲስቷ ከጓዳ ወጣች። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ከባድ ራስ ምታት፣ ስለ ማጥባት፣ ስለ ሲጋራ ጠየቀቻት። ከዚያ በሌላ ስም የሚሸጥ፣ ውስጡ አንድ ዓይነት የሆነ እሽግ አወጣች።

"ዛሬ ከጀመርሽ ክፍተት የለም። ሌላ ጊዜ ከዘገየሽ ግን አዲሱን ሰባት ቀን እስክትውጪ ኮንዶም ተጠቀሙ። በመሀል ያለ መከላከያ ግንኙነት ከነበረ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ፤ የድንገተኛ መከላከያ አለ። እሽጉ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቀደም ብለሽ ጠይቂ።"

ልጅቷ የመጀመሪያዋን ፍሬ እዚያው በውሃ ዋጠች። እትዬ ቡናማዎቹን ከቁልፎቹ መሀል እየለቀሙ እንዲወገዱ አስረከቡ።

አሁን የልጅቷ የፊቷ ወዝ ተመልሷል፣ ጉልበቷም እንደዚያው። ክኒን ጠፋ ሲባል ስፌት ቤቱ አይደናገጥም፤ ሴቶቹ እሽጋቸውን ይዘው እየሄዱ ይጠይቃሉ። የመንታ እናት ክንድ ላይ የሚቀበረውን መርጣለች።

ባለፈው ሳምንት ቀሚሴን ልወስድ ስሄድ የልጅቷ ባል መጥቶ አክስቱን "ሁለተኛውን ልጅ መቼ ነው የምናየው?" ሲላቸው ሰማሁ። እትዬ ቁልፍ ከክራቸው ላይ ቀና እንኳ አላሉም።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አሉት። "ሐኪሟ ሲፈቅድ፣ እሷም ስትል!"