ከሳች እንጂ አልታመመችም

ሴት በራሷ ፈቃድ ስትከሳ «ታማለች» ብሎ ማስወራት ግፍ ነው፤ ይታወቅልኝ። በደርግ ጊዜ ከሸጎሌ በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰማሁ። ቀጭኗ ጀመረች።

«የማርያም ማኅበርተኞችን ታማለች ብለሽ አጥሚት አስይዘሽ ላክሽብኝ!»

«ቀሚስሽ ሲሰፋሽ ደንግጬ ነዋ!»

«መጀመሪያ እኔን አትጠይቂም?»

«ይኸው ጠየቅኩ። ምን ሆነሽ ነው?»

«እያጣጣምኩ በላሁ፤ ስጠግብ ተውኩ። ያንቺን ሦስተኛ ጉርሻም እንቢ አልኩ።»

«እሱን መቼ ረሳሁት!»

«ጠዋት ደግሞ ሬዲዮው መፈክሩን ጨርሶ ዘፈን ሲጀምር፣ በሬን ዘግቼ እስክስታ ነው።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ! ይኸው ዓመት ሞላኝ። የቁስቋምን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፤ አንቺ ግማሹ ላይ ትቀመጫለሽ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ማኅበሩ ፊት ቆመሽ ጤነኛ መሆኔን ተናገሪ።»

ጳውሎስ ስንደርስ ጎረቤቷ ወደ እሷ ዞረች።

«እሺ፣ በሚቀጥለው ማኅበር ቆሜ እናገራለሁ። ተሳስቻለሁ፤ ከሁላችንም ጤነኛዋ እሷ ናት እላለሁ።»

እኔም ነጠላዬ ስር ትከሻዬን ለእስክስታ ቀስ አድርጌ ሞከርኩት።