ለሽማግሌዎች ገድ ሲባል የታሰረው በር

የምስክር ቃል
የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ እጸገነት ዘአማኑኤል
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ መምህርት
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ
ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ በወ/ሮ ሀብትነሽ በለጠ ላይ ስለደረሰው ጉዳት የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ወ/ሮ ሀብትነሽና እኔ በአንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። ሁለት ባል ስለቀበሩ የግቢው ሰው ገደ ቢስ ይላቸዋል። ሰውን የሚገድሉት እሳቸው ይመስል! ይህን ስሰማ ደሜ ሲፈላ ኖሯል።

ትናንት እሑድ የዚሁ ግቢ ነዋሪ አቶ ፀሃዬ፣ ልጃቸው ኢያቄም የሚያገባትን ልጅ ለማስጠየቅ መስቀል ፍላወር ሽማግሌ ይልኩ ነበር። ሽማግሌ በጠዋት ሲወጣ ባዶ ዕቃ የያዘ ሰው ካጋጠመው ነገሩ አይቃናም ይባላል። ወ/ሮ ሀብትነሽ ደግሞ ውሃ ሳይሄድ ለመቅዳት በጠዋት ባዶ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ። ገደ ቢስ ከነባዶ ጀሪካን እንዳይገጥማቸው ብለው አቶ ፀሃዬ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የሴትዮዋን በር ከውጭ በሽቦ አሰሩት። ይህን ራሳቸው በሰው ፊት ነግረውኛል፤ አላፈሩም።

እኔ ቅዳሴ ቆይቼ ሦስት ሰዓት ገደማ ስመለስ በራቸው ላይ ሽቦ አየሁ። ከውስጥ የከሰል ሽታ ይወጣል። ብጣራ መልስ የለም። ሽቦውን በእጄ ፈትቼ ስገባ ሴትዮዋ ከከሰል ማንደጃው አጠገብ ተዘርረዋል። ሁልጊዜ ከሰል የሚያያይዙት ደጅ ነው፤ በሩ አልከፈት ሲላቸው ሻይ ለማፍላት እዚያው ቤት ውስጥ አያይዘዋል። ጎረቤታችን ሊካሳ በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብሎኛል።

ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሽማግሌዎቹ በሰላም ወጡ ወይ ብለው ነው። እትዬ፣ በሩ ሲታሰር እየሰሙ ለምን አልጮኹም ብዬ ተቆጣኋቸው። አዎ፣ የታመመ ሰው ተቆጣሁ። ድምፄን ሰምተው መንገዳቸው እንዳይበላሽ ብዬ ነው አሉኝ። ኢያቄምን እናቱ ሥራ ስትውል አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ስመለስ እልልታ ነው። ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለዋል። የደረሰውን ስነግራቸው አቶ ፀሃዬ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወዲያው ግን “ይኸው፣ በሩ ባይታሰር ኖሮ ይሳካ ነበር?” አሉኝ። መርማሪው ይረጋጉ ቢሉኝም አልረጋጋም፤ እንደተናገርኩት ይጻፍልኝ። ሰው ሊሞት ነበር! የሰው ትንፋሽ ዘግተው የሚያገኙት ገድ ከሆነ ገደል ይግባ።

ወ/ሮ ሀብትነሽ ክስ አልመሠርትም ብለዋል። ዛሬ ወደዚህ ስመጣ በሆስፒታል በኩል አልፌ ነበር፤ ለኢያቄም የሚደርስ መልእክት ሰጡኝ። እኔ አላደርስም፤ እዚሁ ይመዝገብ። “እጹዬ፣ ለሠርጉ ዘመድ ቤት ሄጄ አድራለሁ በይልኝ፤ ሙሽራው ሲወጣ እንዳላገኘው” ነው ያሉት።

ቃሌ ተነብቦልኛል። በንዴት የተነገረና የሚሰረዝ ካለ ተብዬ ተጠይቄ፣ ተናደድኩ እንጂ አልዋሸሁም፣ አንድም ቃል አይሰረዝም ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ሃፍቶም ተስፋለም
ፊርማ ____________