የወንዙ ጎመን ተመለሰ

ሄሎ?... ማነው?... ሲንግካም! ወንድሜ፣ ድምፅህ ምነው?... ቆይ፣ ከወንዙ ልውጣ፤ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ነኝ።... እሺ፣ አሁን ተናገር።

— ሊመነጥሩት? እናንተ ጋ፣ ከእኛ በላይ ያለውን የወንዙን ዳር?... ቀርከሃውንም ሙዙንም?... ነገ! አማትህ ምን ነካቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነኩት ትተውት!

— በቆሎ፣ በቆሎ! ተራራው ጫፍ ድረስ ዘርተው አልበቃቸውም?... እሺ፣ አልጮህም።

— ስማኝ እንጂ። የወንዙ ጎመን፣ ያ የምንበላው የውሃ ሣር፣ ተመልሷል!... አይ፣ እንደ አምናው አይደለም። የአምናው ከበቆሎው ማዳበሪያ የመጣ አረንጓዴ ዝቃጭ ነበር፤ ዳክዬ እንኳን አልቀመሰችውም። እኔ ሞኟ አረንጓዴ አየሁ ብዬ ለመነኮሳቱ ወስጄ... አትሳቅ! የዘንድሮው ድንጋዩን አጥብቆ ይዞ እንደ ኮረዳ ጸጉር ረዝሟል። ውሃው ውስጥ የእግሬ ጣቶች ይታዩኛል፣ ሲንግካም! የእግሬን ጣት እዚህ ወንዝ ውስጥ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

— (ሴንግላ፣ የተሰጣውን ጎመን አገላብጪው፣ ጫፉ ደረቀ!)... ጎረቤቴን ነው። በል ስልኩን ለሽማግሌው አማትህ ስጣቸው።... አልሳደብም።... ስጣቸው አልኩህ!

— ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ ቶንግኢን። ቡዋፓን ነኝ፣ የሲንግካም እህት።... አዎ፣ ያቺ ጯሂዋ።... ልክ ነዎት፣ ከስሞታ በቀር የላክንልዎ ነገር የለም። ያሳፍራል።... ዛሬ ግን ለዚያ አይደለም። የመጀመሪያውን ለቀማ በሰሊጥ አድርገን አስጥተነዋል፤ ዘንድሮ የእርስዎ ነው።... ለምን ይላሉ? ያ ያልነኩት ዳር ነዋ! በዝናቡ ጊዜ አፈሩን ይዞ ያስቀረልን እሱ ነው።

— ምን አሉ?... ከታችኛው ማሳዎ በኩልስ?...

— እውነቱን ልንገርዎ? ከዚያ ማሳ የሚወርደው ጅረት ወንዙን የሚቀላቀልበት ላይ ድንጋዩ ሁሉ ጭቃ ለብሷል። አንዲት ዘለላ የለም።... ቢቆጡም አልዋሽዎትም።... (ሴንግላ፣ አበላሸሁት መሰለኝ።)

— አለሁ፣ አለሁ።... እውነትዎን ነው፤ ስንሰድብዎ ኖርን እንጂ የትኛው ማሳ እንደሆነ የነገረዎት የለም።... የሙዝ ችግኝ? ጓሮዬ ሞልቶ!... አርባ? አርባ ምን ያደርግልዎታል? ዳሩን ካልመነጠሩት ሙዙ እዚያው አለልዎ።... አይነካም? ተመስገን! ታዲያ አርባው ለየትኛው ነው?...

— ለታችኛው ማሳ፣ ለጅረቱ ዳር?

— እያለቀስኩ ነው፣ አባባ፣ ምን ላድርግ።... አይ፣ መላክ የለም፤ ነገ ከናን ከተማ በሚነሳው የመጀመሪያ መኪና እኔው ይዤው እመጣለሁ። ጎመኑንም፣ አብረው የሚበሉትን ሩዝም። ጉድጓዱን ብቻ ቆፍረው ይጠብቁኝ።... እሺ፣ ደህና ይዋሉ። ልዝጋው፤ አርባ ችግኝ እስኪነቀል ይመሻል።